ካርዱን ከመምረጥህ በፊት ሳጥኑን ክፈት

ጥያቄው የመጣው ከሸዋ ሮቢት ነው፤ የጌም ምስል ስለሚሠራው የኮምፒውተር ዕቃ፣ ስለ ግራፊክስ ካርድ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ገዝቻለሁ። ትልቁ፣ የሚቆመው ዓይነት ነው። ፕሮሰሰሩ አይ5-4590፣ ራሙ ባለ 4 ጊጋባይት አንድ ፍሬ። የማሾው ገንዘብ ሲገባ ግራፊክስ ካርድ ጨምሬበት እግር ኳስና ጂቲኤ 5 ልጫወትበት አስቤአለሁ። አዲስ አበባ ያሉ ሻጮች ሦስት ካርድ አቀረቡልኝ፤ አዲስ የታሸገ ጂቲ 730 ባለ 4 ጊጋባይት፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋባይት፣ ያገለገለ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የትኛውን ልግዛ ይላሉ?»

ቁርጡን ልንገርህ። ጂቲ 730ን በነጻ ቢሰጡህ እንኳ የመኪና ትራንስፖርት አታውጣበት። 580ው ጎበዝ ካርድ ነው፣ የአንተ ሳጥን ግን አይሸከመውም። 1050 ቲአዩ እውነተኛ ከሆነ ይሆንሃል፤ «ከሆነ» በምትለዋ ቃል ላይ ግን ብዙ የምለው አለኝ፣ በተለይ ዋጋው ከ730 ጋር ተቀራራቢ ነው ካልከኝ በኋላ። ከሦስቱም በፊት ፈልግ የምልህ አራተኛ አለ፤ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቀው ጂቲኤክስ 1650።

ሰው ሁሉ ካርድ ሲገዛ ከካርዱ ይጀምራል። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ኮምፒውተር ስጠግን ያየሁት ተቃራኒውን ነው፤ ለርካሽ ኮምፒውተር ካርድ የሚመርጥለት ሳጥኑና በውስጡ ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ነው። ሻጩ ሳጥንህን አላየውም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ገመዱን ንቀልና የጎኑን ሽፋን አንሣ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። በቆመው 9020 ላይ የሚመጣው 290 ዋት ነው።

አሁን ደምር። ፕሮሰሰርህ ሥራ ሲበዛበት እስከ 84 ዋት ይወስዳል። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ማራገቢያዎቹ የየራሳቸውን ያነሣሉ። አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት ይፈልጋል። ሒሳቡ አፋፍ ላይ ቆመ ማለት ነው። ሒሳቡ እንኳ ቢያልፍ ገመዱ አያልፍም፤ 580ው ጎኑ ላይ ባለ 8 ፒን የኃይል መሰኪያ አለው፣ የአንተ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ለግራፊክስ ካርድ የተሠራ ገመድ ጭራሽ የለውም። ካርዱ የሚገባበት ረጅሙ የማዘርቦርድ ማስገቢያ በራሱ የሚሰጠው ከ75 ዋት አይበልጥም። የአንተ ጣሪያ ይህ ነው፤ 75 ዋት። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ካርድ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ላንተ አልተሠራም።

ሻጩ ይህን ስትነግረው «ምንም አይደል፣ አስማሚ ገመድ አለው፣ ከሳታው ይቀጠላል» ይልሃል፤ ሳታ የሚለው ለዲስክ ኃይል የሚሰጠውን ገመድ ነው። አትስማው። አንድ የሳታ የኃይል መሰኪያ በ12 ቮልቱ መስመር የሚችለው 54 ዋት ነው። ከዚያ በላይ ሲጎተትበት ይሞቃል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሸታል። እንዲህ ቀልጦ ከገመዱ ጋር የተጣበቀ መሰኪያ ከነጥቁር ጠባሳው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የሚከራከር ደንበኛ ሲመጣ አወጣዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የተከራከረኝ የለም።

«ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረውስ?» ትለኝ ይሆናል። በ9020 ማዘርቦርድ ላይ ዋናው የኃይል መሰኪያ ባለ 8 ፒን ነው፤ ገበያ ላይ የምታገኘው ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ባለ 24 ፒን ነው። ማገናኛ ገመዱ አለ፣ ይሠራልም። ግን ጥሩ ፓወር ሰፕላይ፣ ማገናኛውና ከዲጂታል ገንዘብ ቁፈራ የተረፈ 580 ሲደመሩ ገንዘቡ ሌላ ኮምፒውተር ይሆናል። ያን ሁሉ አውጥተህም ፕሮሰሰርህ የ2014 እንደሆነ ይቀራል።

ስለ 580 ይህን ብቻ ልጨምር፣ ሌላ አንባቢ ትልቅ ሳጥን ሊኖረው ይችላልና። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ ሲያበቃ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች በገፍ ወደ ገበያ ወጡ። የተቆፈረበት ካርድ ሁሉ ሙት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ማራገቢያው ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ይበልጣል። «580 2048ኤስፒ» የሚባል አለ፤ እውነተኛው 580 2304 የማስሊያ አሃዶች ሲኖሩት ይህኛው 2048 ብቻ ነው ያለው፣ ማለትም በአዲስ ስም የመጣ ታናሹ 570 ነው። በ570 ዋጋ ከሸጡልህ ደኅና ነው።

አሁን ወደ ጂቲ 730። አዲስ ነው፣ ታሽጓል፣ 4 ጊጋባይት ይላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚህች «4 ጊጋባይት» በምትለው ጽሑፍ ነው። እናንተ ሰፈር ሮቶ ያልሰቀለ ቤት ጥቂት ነው፤ በሮቶ ላስረዳህ። ጊጋባይቱ የሮቶው ስፋት ነው። ውሃው ወደ ቤት የሚወርድበት ቧንቧ ግን ሌላ ነገር ነው። በአብዛኛው ገበያ ላይ ያለው ባለ ዲዲአር3 (የቆየ፣ ቀርፋፋ የማስታወሻ ዓይነት) 730 በሰከንድ 14.4 ጊጋባይት ያህል ብቻ የሚያሳልፍ ቧንቧ ነው ያለው። 1050 ቲአይ 112፣ 1650 ደግሞ 128 ያሳልፋሉ። አንድ ዓይነት ስፋት ያላቸው ሮቶዎች ናቸው፤ ከአንዱ በባልዲ ትቀዳለህ፣ ከሌላው በጠብታ። በዚያ ላይ የቺፑ ባለቤት ኤንቪዲያ ለእነዚህ ካርዶች አዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስና ከጌሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማውጣት ካቆመ ዓመታት ሆኑት። 730 የተሠራው ሁለት ስክሪን ለሚፈልግ የቢሮ ጸሐፊ ነው፣ ለዚያ ሥራ ክፉ አይደለም። ጂቲ 1030ም ቢያቀርቡልህ ተጠንቀቅ፤ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት አለ፣ ባለ ጂዲዲአር5ና ባለ ዲዲአር4 ማስታወሻ፣ የሁለተኛው ቧንቧ ከመጀመሪያው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው።

ስለ 1050 ቲአዩ አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ከመሐል ሜዳ ኮምፒውተሩን ታቅፎ መጣ። «ጌሙ ይከፈትና ወዲያው ይዘጋል» አለኝ። ካርዱን አየሁት፤ ሁለት ማራገቢያ፣ ቀይ መስመር የተሣለበት ፕላስቲክ፣ የሚያምር ነገር። ዊንዶውስም ስሙን ስጠይቀው «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ብሎ መለሰልኝ። ጀርባውን ሳዞረው ግን ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ፣ የአሮጌ ስክሪን ገመድ የሚገባበትን፣ አየሁ። የ1050 ቲአይ ቺፕ የአናሎግ ምስል አያወጣም፣ ስለዚህ ያ ሰማያዊ ነገር በእውነተኛው ካርድ ላይ ምንም ሥራ የለውም። አራቱን ብሎኖች ፈታሁ። ከዚያ ሁሉ ፕላስቲክ ሥር የነበረው አሉሚኒየም ከመዳፌ ያንሳል። የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በአልኮል ጠረግሁ (በአረቄ ይጠረጋል የሚሉ አሉ፤ አረቄ ግማሹ ውሃ ነው፣ ለሌላ ጉዳይ ይቀመጥ)። ከዚያ በስልኬ መብራት ቺፑ ላይ የተቀረጸውን አነበብኩ፤ ጂኤፍ116። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የጂቲኤክስ 550 ቲአይ ቺፕ ነው። አንድ ሰው ባዮሱን (ካርዱ ላይ የተጻፈውን፣ ማንነቱን የሚናገረውን ፕሮግራም) ነካክቶ ሌላ ስም ሰጥቶታል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ካርዱ «እኔ እንዲህ ነኝ» ያለውን ብቻ ነው የሚደግመው። ልጁ ገንዘቡን የላከው በስልክ ነበር። ስንደውል ሻጩ አላነሣም።

ስለዚህ ሻጩን ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እንዲከፍት ጠይቀው። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ቺፑን ራሱን መርምሮ፣ የተለወጠ ስም ሲያገኝ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፍበታል። አንተም ሦስት ቁጥር በቃልህ ያዝ። ለ1050 ቲአይ የቺፑ ስም ጂፒ107፣ ሼደሩ (የማስሊያ አሃዱ ብዛት) 768፣ የማስታወሻው ቧንቧ ስፋት 128 ቢት። ለ1650 የቺፑ ስም ቲዩ117፣ ሼደሩ 896፣ ስፋቱ ያው 128 ቢት። ፎቶ ልላክልህ ቢልህ አትቀበል፤ ፎቶው የሌላ ካርድ ሊሆን ይችላል። ቪዲዮ ይላክ፣ ካርዱ ሲሰካ ጀምሮ ፕሮግራሙ እስኪከፈት ሳይቋረጥ።

ለምን 1650? እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፣ 4 ጊጋባይት ጂዲዲአር5 አለው፣ የሚወስደው 75 ዋት ነው፣ ማለትም ማስገቢያህ የሚሰጠውን ያህል ብቻ። ከ1050 ቲአይ ሩብ ያህል ይፈጥናል። ሌላም አለ፤ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ስማቸው በ10 ለሚጀምረው ጂቲኤክስ ካርዶቹ፣ 1050 ቲአይን ጨምሮ፣ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን አቁሟል፣ የሚልከው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። 1650 ግን የሚቀጥለው ትውልድ ስለሆነ ከዚህ ተርፏል። ነገ የሚወጣ ጌም 1050 ቲአይ ላይ ቢያስቸግር የሚያስተካክልልህ የለም።

እዚህ ላይ ግን ዓይንህን ክፈት። ብዙ አምራቾች 1650ን ባለ 6 ፒን የኃይል መሰኪያ አድርገው ሠርተውታል፣ በተለይ ጂዲዲአር6 የሚባለውን ዓይነት። ስሙ አንድ ነው፣ ላንተ ግን የማይሆን ካርድ ነው። «1650 አለህ?» ብለህ አትጠይቅ። «የኃይል መሰኪያ የሌለው 1650 አለህ? የላይኛውን ጠርዝ አሳየኝ» በል። 1050 ቲአይም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት አለው።

ዋጋ በብር አልጽፍልህም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ከነገ ወዲያ ያሳፍረኛል። መለኪያዬን ግን ልስጥህ፤ 1650ው ከእውነተኛው 1050 ቲአይ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ከተወደደብህ 1050 ቲአዩን ውሰድ። ከዚያ በታች ከሆነ 1650ን።

አርኤክስ 6400 የሚባልም ያቀርቡልህ ይሆናል። አዲስ ነው፣ 53 ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ገመድ አይጠይቅም፣ ወረቀት ላይ ሲታይ ለአንተ የተሠራ ይመስላል። ችግሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ መሆኑ ነው። የመስመሩ አራተኛ ትውልድ፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4፣ ባለው አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ የአንተው ግን ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ነው፣ እዚያ ላይ መንገዱ በግማሽ ይጠባል። 4 ጊጋባይቱ ሲሞላና ከራም መበደር ሲጀምር ምስሉ ይንገጫገጫል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ 70 ዋት ነው፣ ያለ ገመድ ይሠራል፣ ጥሩም ካርድ ነው። ገንዘቡ ካለህ አልከለክልህም፤ ግን ያንን ካርድ የአንተ ፕሮሰሰር አያጠግበውም፣ ትርፉ ገንዘብ ሜዳ ላይ ይቀራል።

አሁን የሚከፋህን ልናገር። ከካርዱ በፊት ራም ግዛ። 4 ጊጋባይት አንድ ፍሬ ይዘህ ማንኛውም ካርድ ጌም ከፍቶ አያስቆምህም፤ ዊንዶውስ ራሱ ግማሹን ይበላዋል። ተመሳሳይ ዲዲአር3 ሌላ ፍሬ ጨምርና ጥንድ ይሁን፤ ሁለት ፍሬ ሆነው ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያነብ ፍጥነቱም ይጨምራል። የሚቻልህ ከሆነ ባለ 8 ሁለት አድርገው። ዲዲአር3 ከመሥሪያ ቤት ከሚወጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ስለሚገኝ እዚህ ደብረ ብርሃንም አይጠፋም።

ጂቲኤ 5ን በ1650 በደንብ ትጫወታለህ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣ ጌም ነው፣ የዘመኑ ካርድ አይፈልግም። እግር ኳሱ ላይ ግን ቃል አልገባልህም። ኤፍሲ 24 (የፊፋ ጌም አዲሱ ስሙ) በዝቅተኛነት ያስቀመጠው 1050 ቲአይ፣ 8 ጊጋባይት ራምና አይ5-6600ኬ ፕሮሰሰር ነው። ካርድህና ራምህ ያልፋሉ፣ ፕሮሰሰርህ ከዝቅተኛው በታች ነው። ይከፈትልህ ይሆናል፣ በተመልካች በተሞላ ስታዲየም ውስጥ የማዕዘን ምት ሲመታ ግን ሲንገዳገድ ታየዋለህ። የቆየውን ፊፋ ጫንና ጓደኞችህን በእርሱ ግጠማቸው፤ ግቡ ያው ግብ ነው።

ስትገዛ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይፈተሽ። ካርዱን በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራውን ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም ከፍተህ 15 ደቂቃ ተወው። አንተ ስክሪኑን አትይ፣ ጆሮህን ወደ ማራገቢያው አስጠጋ፤ የሚፋጭ ድምፅ ካለ ማራገቢያው አልቋል። ከዚያ የሙቀቱን ቁጥር ተመልከት። እኔ ያለሁት ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ማራገቢያው የሚገፋው ትንሽ አየር ነው፣ ብርዱ ግን ይክሰዋል። እናንተ ቆላ ናችሁ። አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ 70 ዲግሪ ያየኸው ካርድ ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሚያዝያ ሌላ ቁጥር ያሳይሃል። 83 አካባቢ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ባለ አንድ ትንሽ ማራገቢያውንና ባለ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ካገኘህ፣ ሳጥንህ ትልቅ ነውና ባለ ሁለቱን ውሰድ።

አቧራውን ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉ አሉ። እኔም አስነፍቻለሁ። መጀመሪያ ወደ ውጭ አስነፋው፣ ከቱቦው ውሃ ይወጣልና፤ ቀጥሎ የማራገቢያውን ክንፍ በጣትህ ያዝ። ሳትይዝ ከተነፋ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሽከረከርና መሽከርከሪያው ይላላል።

ካርዱን ከአዲስ አበባ ስታመጣ ሻንጣ ውስጥ ጨርቅ ጠቅልለህ ጉልበትህ ላይ ያዘው፤ የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አይጫን። የጣርማ በር ቁልቁለት ለካርድ አይራራም። ኮምፒውተሩን ራሱን ወደ እኔ የምታመጣ ከሆነም ካርዱን ነቅለህ ለብቻው አምጣው፤ ተሰክቶ የሚጓዝ ካርድ ክብደቱ ማስገቢያውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ንቀል፣ ሲመለስ አሥር ደቂቃ ታገሥ። ስታቢላይዘር ካለህ ደግሞ በእርሱ በኩል አድርገው።

ስክሪንህ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጻፍክልኝም። ባለ ሰማያዊ ቪጂኤ ገመድ ብቻ ከሆነ እውነተኛው 1650 ላይ የምትሰካበት አታገኝም፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ መለወጫ አብረህ ግዛ፣ ርካሽ ነው። ገመዱንም ካርዱ ላይ ሰካው። ይህን መናገር የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን «ካርዱ ምንም ለውጥ አላመጣም» ብለው ከመጡልኝ ሰዎች ስንቱ የስክሪኑን ገመድ እንደ ልማዳቸው ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተው፣ አዲሱ ካርድ በባዶ ሲዞር ከርሞ ተገኝቷል።

ሽፋኑን ስትከፍት የፓወር ሰፕላዩን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። አንዳንዱ ሻጭ ትልቁን ሳጥን ከትንሹ ዕቃ ጋር ገጣጥሞ ይሸጣል፤ 290 የማይል ከሆነ ገንዘብ ከመላክህ በፊት እንደገና እንደምራለን።